የጅማን የጎርፍ ቦዮች የሚበክለው ከየት ይመጣል? ምንጩን ስለመፈለግና የቱ እንደሚቀድም ስለመወሰን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦይ ለቦይ ስንዞር ሰዎች የሚጠይቁንን ሰብስበን ከቀላሉ ወደ ከባዱ መልሰናል።

የጎርፍ ቦይና የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። የመንገድ ዳር ዲች፣ ማለትም የጎርፍ ቦዩ፣ የተሠራው ለዝናብ ውኃ ብቻ ነው፤ ከአስፋልቱ፣ ከኮብልስቶኑና ከጣሪያው ተቀብሎ ወንዝ ያደርሳል። መሃል ላይ ምንም ማጣሪያ የለውም። ሂርማታ ገበያ ዳር ጠዋት የተደፋ የሳሙና ውኃ አዌቱ ወንዝ የሚገባው እንደተደፋ ነው።

ግራ የሚያጋባው ሁለቱ በተግባር መቀላቀላቸው ነው። አብዛኛው የጅማ ቤት የሚጠቀመው ጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና መጥራት ገንዘብ ያስወጣል። በግንቡ ሥር አንዲት ቧንቧ አሹልኮ ዲቹ ውስጥ መልቀቅ ግን ሳንቲም አያስወጣም። ለዝናብ የተሠራው ቦይ እንዲህ እያለ ማንም ሳይወስን የፍሳሽ መስመር ሆኖ ያርፈዋል።

ከዲቹ የወጣው ውኃ መጨረሻው የት ነው?

አዌቱ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ጊልጌል ጊቤ ወንዝ፣ ከወንዙም በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ወደጀመረው የጊልጌል ጊቤ 1 ግድብ ሐይቅ። ከዚያ በታች ኦሞ ነው። «ከከተማ ወጥቶ ይሄዳል» የሚባለው ነገር ከከተማ እንደወጣ የሚያገኘው ቦዬን ነው፤ ከብት የሚግጥበትን፣ ወፍ የሚያርፍበትን፣ ደለሉን ይዞ የሚያስቀረውን ረግረግ።

ቦዩን በዋናነት የሚበክለው ምንድን ነው?

መንገደኛ ብትጠይቁ «ፌስታልና ሃይላንድ» ይላችኋል። እውነት አለው፣ ግን የሚያየውን ነው የሚነግራችሁ። ዋናው ችግር የማይታየው ነው፤ ከሽንት ቤት ሾልኮ የሚመጣው ፈሳሽ። ቀጥሎ ጋራዦች አሉ፤ የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ ሞተር የታጠበበት ነዳጅ። ላቫጆዎች ጭቃ፣ ሳሙናና ቅባት አንድ ላይ ይለቃሉ። ሆቴሎች አንሶላ ያጠቡበትን፣ ምግብ ቤቶች የሳህን እጣቢና ዘይት ይደፋሉ። የገበያው የበሰበሰ አትክልት፣ የጫት ገራባው፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጠረገው ሰጋቱራና ቫርኒሽ የታጠበበት ቤንዚን ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ቀይ አፈርን ማንም እንደ ብክለት አይቆጥረውም። ለግንባታ የተቆፈረ አፈር መንገድ ዳር ተከምሮ አንድ ዝናብ ሲመታው ዲቹን ይሞላዋል፣ ወንዙን ያደፈርሰዋል፣ ፎስፈረስና ከባድ ብረቶችንም ተሸክሞ ቦዬ ያደርሳቸዋል። ጅማ ላይ አፈር የመጨረሻው ተራ ላይ የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም።

ፍለጋውን በክረምት ልጀምር ወይስ በበጋ?

በበጋ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጠብ ሳይል ዲቹ ውስጥ ውኃ የሚወርድ ከሆነ ያ ውኃ ከሰማይ አልመጣም። ወይ ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ነው፣ ወይ የተሰበረ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ፣ ወይ ከሰው ግቢ የሚለቀቅ ነገር። በክረምት ይህ ምስክር ይጠፋል፤ ጎርፉ ሁሉንም ቀላቅሎ ሁሉንም ያቀጥነዋል።

ጅማ ግን አዲስ አበባ አይደለችም፣ ዝናቧ ብዙ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል፣ በበጋም ድንገት ብቅ ይላል። ስለዚህ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ አታባክኑት። ቢያንስ 72 ሰዓት ሳይዘንብ ሲቆይ ውጡ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቤቶች ውኃ የሚለቁት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ጋራዦችና ላቫጆዎች ከሰዓት በኋላ ይጠነክራሉ። በ6 ሰዓት ፀሐይ ደረቅ ያገኛችሁትን ቱቦ «ንጹህ» ብላችሁ አትመዝግቡ።

በቦዩ ስሄድ ምንን ልመልከት?

ከታች፣ ማለትም ዲቹ ወንዝ ከሚገባበት አፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። በየመጋጠሚያው ቁሙ፤ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ ተመልከቱ። የሽንት ቤት ሽታ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ የነዳጅ ሽታና የሳሙና ሽታ አፍንጫ አይስታቸውም። ግራጫ ውኃ፣ የማይጠፋ አረፋ፣ ግድግዳው ላይ ከውኃው ከፍ ብሎ የቀረ ጥቁር መስመር፣ ከታች ድንጋዩ ላይ እንደ ጥጥ የተጣበቀ ነጭ ወይም ግራጫ ዝልግልግ ካያችሁ እዚያ ቦታ ቆሻሻ ሲወርድ የከረመ ነው፤ አሁን ባይወርድም።

ቱቦው ደርቆ ከሥሩ ያለው ሣር ብቻ ከአካባቢው ለይቶ ከለመለመ ጠርጥሩ። በተቃራኒው ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ከጠቆረ ዘይት ወይም አሲድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በረጋ ውኃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ብልጭልጭታ ሲያይ «ጋራዡ ዘይት ለቀቀ» ብሎ ይጮሃል። እንጨት አንሱና ንኩት። እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ቁርጥራጩ ተለያይቶ ከቀረ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው፣ ማንንም አትክሰሱ። ዞሮ መልሶ ከተጋጠመ ዘይት ነው። እንዲህ ባለ አንድ እንጨት ከአንድ ባለጋራዥ ጋር ሊመጣ የነበረ ጠብ ቀርቶልናል።

ክዳን ባለው ጉድጓድና በተሸፈነ ካልቨርት (ከመንገድ ሥር በሚያልፍ የውኃ መተላለፊያ) ውስጥ ግን ፈጽሞ አትግቡ። ከውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሊያድን የገባውንም ይደግማል። ከላይ ሆናችሁ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ጣሳ ቅዱ።

በበጋ የሚወርደው ውኃ ምንጭ ይሁን ፍሳሽ በምን ልለየው?

ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ ዲች ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የሚፈልቅ ንጹህ ምንጭ ብዙ ቦታ አለ። ቀላሉ መንገድ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ነው፤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨውን የሚያሳይ እጅ ላይ የሚያዝ መሣሪያ። በዓለም ላይ ከታተመ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። በአካባቢያችሁ ሰው የሚጠጣውን ምንጭ ለኩ፣ የቤታችሁን የቧንቧ ውኃ ለኩ፣ ከዚያ የዲቹን። ዲቹ ከሁለቱም ብዙ እጥፍ ከሆነ ሰው ነክቶታል።

በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ፍሎራይድ ለኩ የሚል ታገኛላችሁ። እነሱ የቧንቧ ውኃቸው ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚጨምሩ ዲቹ ውስጥ ሲያገኙት ከቧንቧ እንደመጣ ያውቃሉ። እኛ አንጨምርም፤ ለእኛ የሚሠራው የክሎሪን ምርመራ ነው፣ ያውም ቶሎ ስለሚጠፋ ቧንቧው ከተሰበረበት አጠገብ ብቻ። ሌላው የአሞኒያና የፖታሲየም ንጽጽር ነው፤ አሞኒያው ከበለጠ ሽንት ቤት፣ ፖታሲየሙ ከበለጠ እጣቢ ይባላል። እንጨትና ከሰል በሚነድበት ሰፈር ግን አመድ ዲቹ ውስጥ ይደፋል፣ አመድ ደግሞ ፖታሲየም ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ «እጣቢ ነው» ቢላችሁ አትመኑት።

ላቦራቶሪ ሳይኖረኝ መሥራት እችላለሁ?

ግማሹን መንገድ አዎ። ከስሜት ሕዋሳችሁ ሌላ የአሞኒያ መመርመሪያ ስትሪፕ፣ ኮንዳክቲቪቲ ሜትርና ባልዲ ካላችሁ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ዓይነ ምድር መቀላቀሉን የሚያሳየውን ባክቴሪያ፣ ለመቁጠር ግን ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲው የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ጋር መሥራት ከተቻለ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ፤ እነሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ነው የሚከርሙት።

አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ልብስ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለ፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ንጹህ ጥጥ በሽቦ ወንፊት ጠቅልላችሁ ዲቹ ውስጥ ድንጋይ ሥር ለጥቂት ቀናት እሰሩት፣ አውጥታችሁ በንጹህ ውኃ አለቅልቁት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሱቆች የብር ኖት በሚፈትሹበት መብራት እዩት። ካበራ የልብስ እጣቢ እየወረደ ነው። ጥጡን ከመጠቀማችሁ በፊት በዚያው መብራት አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ጥጥ ከፋብሪካው ሲወጣ ራሱ ያበራል። ካላበራ ደግሞ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ሁሉም ሳሙና ይህ ነገር የለበትም።

ስንት ሲሆን ነው ተበክሏል የሚባለው?

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የኒው ኢንግላንድ ቢሮ ከጎርፍ ቱቦ በሚወጣ ውኃ ላይ አሞኒያ ከ0.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ የሳሙና ንጥረ ነገር ከ0.25 ሚሊ ግራም በሊትር ሲደርስ፣ ባክቴሪያውም አብሮ ከፍ ሲል ሽንት ቤት ተቀላቅሏል ብላችሁ ጠርጥሩ ይላል። ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ በዚያ ቁጥር ብትሄዱ ግን መሃል ከተማ ውስጥ ያለው ዲች አብዛኛው ወንጀለኛ ሆኖ ዝርዝሩ ማለቂያ ያጣል። «ተበክሏል ወይስ አልተበከለም?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «የቱ ከየቱ ይብሳል?» ነው።

ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

ጓንት አድርጉ። ጠርሙሱን ወራጁ ውኃ በሚመጣበት አቅጣጫ አዙራችሁ፣ ደለሉን ሳትነኩ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውንም ሳትቀዱ ሙሉ። ለባክቴሪያ ከሆነ የተቀቀለ ወይም በላቦራቶሪ የጸዳ ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ በበረዶ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የቆየ ናሙና ቁጥር ይሰጣችኋል፣ የሚሰጣችሁ ቁጥር ግን የዲቹ አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተን የሰበሰብናቸው 14 ጠርሙሶች በረዶው ሲቀልጥ ጽሑፋቸው ታጥቦ እንደ መንታ ልጆች ተመሳስለው ጠበቁን። ሁሉንም ደፋናቸው። ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ቦታውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ምንጩን እስከ ግቢው ድረስ እንዴት ልከተለው?

መስመሩን መሃል ላይ ክፈሉት። 16 መጋጠሚያ ያለው ዲች ከሆነ 16ቱንም አትፈትሹ፤ ስምንተኛው ላይ ሂዱ። እዚያ ቆሻሻ ካለ ምንጩ ከላይ ነው፣ ከሌለ ከታች። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ክፈሉ። በ4 ምልከታ ወደ አንድ ክፍል ትደርሳላችሁ። ይህ የሚሠራው ምንጩ አንድ ሲሆን ነው፤ ሁለትና ሦስት ከሆነ ከእያንዳንዱ በላይና በታች እየለካችሁ የት ላይ እንደሚዘል ማየት አለባችሁ።

ሁለት ግቢ ላይ ስትደርሱና የየትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ስትቀሩ ቀለም ነው መፍትሔው። ፍሎረሲን የሚባል መርዝ ያልሆነ ቀለም በባለቤቱ ፈቃድ ሽንት ቤቱ ውስጥ ይጨመርና ውኃ ይለቀቅበታል፤ አንድ ሰው ዲቹ ዳር ይጠብቃል። አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ነገሩ አለቀ። እኛ የመጀመሪያ ቀን ለቀበሌው ነግረን፣ ለባለቤቱ ነግረን፣ ከታች ላሉት መንገር ረሳን። ቀለሙ ከጠበቅነው በላይ ሄዶ አዌቱ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ጋ ደረሰ። ነጭ ነጠላዋን ከውኃው ውስጥ መንጭቃ አውጥታ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ሰበሰበው። ይቅርታ ጠይቀን ነጠላውን አብረን አጠብን፤ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ከቀለሙ በፊት ወደ ታች የሚሄድ ሰው እንልካለን፣ ቀለሙንም በማንኪያ ጫፍ ነው የምንጨምረው።

በሩን አንኳኩቼ ምን ልበል?

«እየበከላችሁ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። በር ይዘጋባችኋል፣ ሲመሽ ደግሞ ቧንቧው ይደበቃል። ሰላምታችሁን በአፋን ኦሮሞ ጀምሩ፣ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ስለ ውኃው ጠይቁ። ለነገሩ ከቦዩ አጠገብ የሚውል ሰው ከላቦራቶሪ የበለጠ ያውቃል፤ ቡና የምታፈላዋ፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ደጃፍ ላይ የሚቀመጡ አዛውንት።

አንድ ቱቦ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ሄደን ሦስቱንም ጊዜ ደረቅ፤ ግን ከሥሩ ያለው ጥቁር ዝልግልግ ፈጽሞ አይደርቅም። ከማዶ በርጩማ ላይ የተቀመጡ እናት ሲያዩን ቆይተው ጠሩን።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«እማማ፣ ይሄ ቱቦ ውኃ ይወርድበታል?»

«ሰርግ ያለ ቀን ነዋ!»

ከላይ አዳራሽ አለ። እንግዳ ሲበዛ ታንኩ ይሞላና ትርፉ ይወጣል። እኛ የሄድነው ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነበር።

ብዙ ምንጭ አገኘሁ፣ የቱን ላስቀድም?

ሰው ሁሉ በጣም የሚሸተውን ወይም በጣም የቀለመውን ማስቀደም ይፈልጋል። እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ስንት ጭነት ተሸክሟል፣ ከታችስ ማን ይነካዋል?

ጭነት ማለት የቆሻሻው ክምችት በውኃው መጠን ሲባዛ ነው። የውኃውን መጠን ለማወቅ ከቱቦው ሥር ባልዲ አስቀምጡና ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ 10 ሊትር በ5 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 2 ሊትር ነው። አሁን ሁለት ቱቦ አለን እንበል። አንደኛው ልብስ ማጠቢያ ያለው ሆቴል ነው፤ በሰከንድ 2 ሊትር፣ በቀን ለ2 ሰዓት፣ አረፋው እስከ መንገድ ይታያል፤ አሞኒያው 2 ሚሊ ግራም በሊትር። ሁለተኛው ከግንብ ሥር የምትንጠባጠብ ቀጭን ቧንቧ ናት፤ በሰከንድ 0.1 ሊትር፣ ግን ቀንና ሌሊት፤ አሞኒያዋ 40። ሆቴሉ በቀን 14,400 ሊትር ለቅቆ 28.8 ግራም አሞኒያ ያወርዳል። ቀጭኗ ቧንቧ 8,640 ሊትር ለቅቃ 345.6 ግራም። ሰው ሁሉ አቤቱታ የሚያቀርበው በሆቴሉ አረፋ ነው፤ 12 እጥፍ የምትልከው ግን ማንም ያላያት ቧንቧ ናት። ከአሞኒያው ጋር የሚመጣው ባክቴሪያ ደግሞ አለ፤ ያልተጣራ የሽንት ቤት ፍሳሽ 100 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ሚሊዮን ኢ. ኮላይና ከዚያ በላይ ይይዛል።

ቀጥሎ ከታች ማን እንዳለ ተመልከቱ። ከቱቦው በታች 200 ሜትር ላይ ልጆች የሚዋኙ፣ ሰላጣና ጎመን በዚያ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ያ ቱቦ ጭነቱ አነስ ቢልም ወደ ላይ ይወጣል። ሰላጣ ጥሬውን ነው የሚበላው፤ አተት ሲነሳ መንገዱ ይህ ነው። የሰው ዓይነ ምድር ያለበት ምንጭ የሰው እጅና አፍ ከሚደርስበት ውኃ ጋር ሲገናኝ ሌላውን ሁሉ ይቀድማል። በዚህ ላይ አንደራደርም።

የጋራዥ ዘይት ዛሬ ማንንም ላያሳምም ይችላል፤ ግን አይጠፋም፣ ከደለሉ ጋር ቦዬ ላይ ይጠራቀማል። እሱን ሁለተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጡት፣ ነገር ግን ቶሎ የሚዘጋ ከሆነ ተራውን አትጠብቁ። የተቃጠለ ዘይት የሚገዛ ሰው አለ፤ ለባለጋራዡ አንድ በርሜል ማስቀመጥ ለከተማው ቦይ ከመቆፈር ይቀልላል። በአንድ ሳምንት የሚያልቅን ሥራ ዓመት ከሚፈጀው ኋላ ማሰለፍ ለወረቀት ያምራል እንጂ ለወንዙ አይጠቅምም።

ፕላስቲኩ ቀድሞ ቢነሳ አይሻልም?

ፕላስቲክ ዲቹን ደፍኖ ጎርፉን ቤት ውስጥ ስለሚያስገባ ከግንቦት በፊት መነሳት አለበት። ግን ዘመቻ ተደርጎ ቦዩ ከተጠረገ በኋላ «ጸዳ» ተብሎ የሚጻፈው ሪፖርት ያናድደናል፤ ኢ. ኮላይ በመጥረጊያ አይወጣም። ቢሆንም ዲቹ የተጠረገበት ማግስት ለፈላጊ ወርቅ ነው፤ በፌስታል ሥር ተደብቀው የነበሩ ቧንቧዎች ሁሉ ይገለጣሉ። ካርታችሁን ይዛችሁ ያን ቀን ውጡ። የእግረኛ መንገድ ሲታደስ ዲቹ ከመከደኑ በፊትም እንዲሁ፤ ንጣፉ ከለበሰ በኋላ ያችን ቧንቧ ማግኘት ብዙ ያለፋል።

አዌቱ የሚጠቁረው በቡና ማጠቢያዎች ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

በዞኑ ያሉ እሸት ቡና ማጠቢያዎች በምርት ወቅት፣ ከመስከረም አንስቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ የሚለቁት ውኃ አሲዳማና ኦክስጅን የሚበላ ነው፤ አጠገባቸው ያሉ ጅረቶችን ይገድላል። ያ ግን በአብዛኛው የገጠር ወንዞች ጉዳይ ነው። የከተማውን ጥፋት በቡና ማላከክ ይቀናል። ለማወቅ ወንዙን ከተማ ከመግባቱ በፊት አንድ ቦታ፣ ከወጣም በኋላ አንድ ቦታ ለኩ። ልዩነቱ የከተማው ነው።

ባለቤቱ እምቢ ካለስ፣ ሕግ አለ?

አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በካይ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀን ያለው ፎቶና የናሙና ውጤት ያለው አቤቱታ በቃል ከተነገረው ጋር እኩል አይታይም። ለድሃ ቤተሰብ ግን በሕግ አትጀምሩ። ጉድጓዳቸው የሞላው በክፋት አይደለም፤ የመጣጭ መኪናውን ዋጋ ጎረቤት ተዋጥቶ ሲከፍል ያየንበት ሰፈር አለ።

ዝናብ ጠብቀው ጉድጓዳቸውን የሚለቁትን እንዴት ልያዛቸው?

ከባዱ ይህ ነው። በበጋ ፍለጋችን ሙሉ በሙሉ የሚያመልጡን እነዚህ ናቸው፤ ዲቹ ደረቅ፣ ግድግዳው ጸጥ ያለ። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ድንጋዩ ይነሳል፣ ሽታውን ጎርፉ ይዞት ይሄዳል።

ምልክት ግን ይተዋሉ። ከግንቡ ሥር በጨርቅ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት የተወተፈ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ለምን ቀዳዳ ያስፈልገዋል? በዙሪያው አፈሩ አዲስ ተቆፍሮ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። በዝናብ ጊዜ ናሙና የምትወስዱ ከሆነ ጎርፉ እንደጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከተጠረጠረው ግቢ በላይና በታች በአንድ ጊዜ ቅዱ። የመጀመሪያው ጎርፍ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ አጥቦ ስለሚመጣ በየትኛውም ቦታ መጥፎ ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ናሙና ብቻውን ምንም የማይነግራችሁ። ልዩነቱን ነው የምትፈልጉት። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው፣ ሁለት ዣንጥላና ተመሳሳይ ሰዓት ያስፈልጋል። ጎርፉ ከጉልበት ካለፈ ተውት።

ምንጩ ተዘጋ ሲባል መዘጋቱን በምን ላረጋግጥ?

በመመለስ። ከተዘጋ በሳምንቱ ሂዱ፣ ከወር በኋላ ሂዱ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥም ሂዱ፤ መጀመሪያ በለካችሁበት ሰዓትና ቦታ፣ በዚያው መሣሪያ። አሞኒያው ካልወረደ ወይ የዘጋችሁት ትክክለኛውን አይደለም፣ ወይ ሌላ ምንጭ ከጎኑ አለ። ግድግዳውንም ከላይ እስከ ታች እዩት። በአንድ ሰፈር የተደፈነች ቧንቧ በወሩ ከሁለት ቤት በታች፣ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ለብሳ ብቅ ብላ አግኝተናታል።